ቀይ ባሕር በናዝሬት

ሰብስቤ ናዝሬት የመጣው ለሦስት ቀን ብሎ ነበር። ሦስቱ ቀን ዓመት ከሦስት ወር ሆኑ። ሚስቱ ዘርፉ አሰብ ላይ ደጃፏ ቆማ ስትሸኘው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አሁን ልጅቷ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀምራለች አሉ። አሉ ነው እንጂ እሱስ አላያትም።

የመጣው ከዓሣ ጋር ነው። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን አሰብን ሲጎበኙ ባሕሩ ዳር በድንጋይ በታጠረ ኩሬ ውስጥ ቀለም የተቀቡ የሚመስሉ ዓሦች አይተው፣ «ይህንን መሀል አገር ያለው ወዛደርም ይየው» አሉ። አሥራ አንድ ዓሣ በአራት በርሜል የባሕር ውሃ ተጫነ። መንገድ ላይ ውሃውን እየመታ አየር የሚያስገባ ሰው ያስፈልግ ነበርና ሰብስቤም ተጫነ። ናዝሬት ሲደርሱ የመንግሥት እንግዳ ማረፊያው ንብረት ክፍል ሁሉንም በሞዴል 19 ገቢ አደረገ፦ በርሜል አራት፣ ዓሣ ሕይወት ያለው አሥራ አንድ፣ ተንከባካቢ አንድ። ጸሐፊዋ እንዲያ ብላ ስትጽፍ ሰብስቤ አጠገቧ ቆሞ ስቆ ነበር። በአራተኛው ቀን «እንግዲህ ልሂድ» ሲል ማንም አልሳቀም።

ማረፊያው ቀድሞ የአንድ ግሪክ ሆቴል ነበር፤ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ። መቀበያው አዳራሽ ውስጥ የሰው ደረት የሚደርስ የመስታወት ሣጥን ተሠርቶ፣ ከላዩ በቀይ ቀለም «ቀይ ባሕራችን የአብዮታችን ደጃፍ» ተብሎ ተጻፈበት። ወጥ ቤቶቹ ለየዓሣው ስም አወጡለት። ሰማያዊ ሰውነቱ ላይ ማዕረግ የመሰለ ቢጫ ቁራጭ ያለበትን፣ ሌሎቹን እያባረረ ቀድሞ የሚበላውን፣ «ሻለቃው» አሉት። ኃላፊው ባለበት ግን «ባለ ቢጫው» ነው የሚባለው። ሰው ምላሱን ይወዳል፤ አንገቱን ግን የበለጠ ይወዳል።

ኃላፊው ጓድ አብተው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለሰብስቤ ይቀለው ነበር። ክፉን ሰው ይጠሉታል፣ ይረግሙታል፣ ያመልጡታል። አብተው ግን መኝታ ሰጥቶታል፣ ከማረፊያው ወጥ ቤት ያበላዋል፣ በበዓል ሸሚዝ ገዝቶለታል። መሸኛ ሲጠየቅ ብቻ፣ «አንተ ከሄድክ እነዚህን ማን ሊያኖራቸው ነው? ቆይ እስቲ፣ ሰው እንፈልግ» ይላል። ያለ መሸኛ ደግሞ አሰብ አይታሰብም። ሰብስቤ አንዴ ጨክኖ፣ በየወሩ የባሕር ውሃ በበርሜል ከሚያመጣው ከሾፌሩ ከፈይሳ ጋር ተሳፍሮ ነበር። አዋሽ ኬላ ላይ አወረዱት። ሁለት ሌሊት ቀበሌ አድሮ ሲመለስ አብተው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «እኔ እንዲህ አደርግህ ነበር?» ብሎ እንደ አባት አዘነበት። ሰብስቤ ከእስሩ ይልቅ ያቺ ሐዘን አናደደችው።

በሐምሌ መጨረሻ ፈይሳ፣ ረዳቱ መንገዱን ሁሉ ውሃውን እየመታ፣ ከውሃው ጋር አዲስ ሦስት ዓሣ ይዞ መጣ። የአሰብ ሰዎች ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የላኩት ስጦታ ነው። ሰብስቤ ሊለያቸው ገንዳ ሲያዘጋጅ አብተው ደረሰ።

«ምን እየሠራህ ነው? አስገባቸው እንጂ!»

«ጓድ፣ አዲስ ዓሣ ወዲያው አይቀላቀልም። በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አርባ ቀን ተለይቶ መቆየት አለበት።»

«አርባ ቀን?» አብተው ወደ ወጥ ቤቶቹ ዞሮ ሳቀ። «አራስ ናቸው እንዴ? ገንፎ ይሠራላቸው በሏ! በል አስገባ፤ ነገ ከአውራጃ ሰው ይመጣል።»

አስገባ። ምን ያድርግ?

በአሥረኛው ቀን ከአዲሶቹ አንዱ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነቁጥ ታየ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁሉም ላይ ታየ። ዓሦቹ ጎናቸውን ድንጋይ ላይ ያሻሹ፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልኩ ጀመር። ከመሀላቸው ሦስት ሞቱ። ዋናዋ ወጥ ቤት ሬሳቸውን በማንኪያ እያወጣች ግራ ቀኝ አየችና፣ «ዓሣ ግማቱ ካናቱ» ብላ በለሆሳስ ተናገረች። የሰማት ሁሉ እንዳልሰማ ሆነ።

አብተው ቢሮው አስጠራው። ፊቱ ገርጥቷል። ሰብስቤ ያን ቀን ነው አብተውም የሚፈራው ሰው እንዳለው የገባው።

«ጳጉሜ ሦስት ከወዳጅ አገር የመጡ እንግዶች ሶደሬ ሲሄዱ እዚህ ምሳ ይበላሉ። መርሐ ግብሩ ላይ ቀይ ባሕራችን ተብሎ ተጽፏል። ባዶ ውሃ ላሳያቸው ነው? አሻጥር ነው ቢሉስ? ማን ነው አሻጥረኛው ቢሉኝ ማንን ልበል?»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ሰብስቤ አርባውን ቀን ሊያነሣበት አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ይልቅስ ከዚያ በፊት ያልደፈረውን ደፈረ።

«ጓድ፣ ላድናቸው እችላለሁ። ግን እኔም ሰው ነኝ፤ ልጄን አላየሁም። ካዳንኳቸው ይሸኙኝ።»

አብተው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማህተም ሲያገላብጥ ቆየ። «አድናቸው። አንድ ሰውም አሠልጥን፤ አንተ የምትሠራውን ሁሉ የሚሠራ። ያ ሰው ዓይኔ ሥር ያለ አንተ ሠርቶ ካሳየኝ፣ እፈርምልሃለሁ። የአብተው ቃል ነው።»

ለሥልጠናው የተሰጠችው ሻሼ ናት፤ ከዓለም ጤና ከተማ የመጣች የልብስ አጣቢ ክፍል ሠራተኛ፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ወላጆቿ መስኖ ላይ ሽንኩርት ያለማሉ። አዳሚ ቱሉ የታጨችለት ሰው አለ፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ቀልድ ታውቃለች፣ እጇ ግን ቀልድ አያውቅም። ሰብስቤ የመጀመሪያውን ቀን አይቶ ደነገጠ። እሱ ከአንድ የመናዊ አጥማጅ ሥር ሆኖ በሁለት ዓመት የተማረውን፣ ዓሣን ሳይጨብጡ መያዝን፣ እሷ ከሰዓት በፊት ቻለችው።

«ምን አዲስ ነገር አለው ጋሼ ሰብስቤ?» አለችው። «የሐር ሻርፕ አጥቤ የለም እንዴ?»

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ማቆያ ሆነ። ግሪኩ ትቶት በሄደው የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ የባሕር ውሃ ተሞላ። ሰብስቤ በአብተው ደብዳቤ ወንጂ ሄዶ፣ በሸንኮራ አገዳው ቦዮች ውስጥ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ከሚገድሉበት ሰማያዊ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ይዞ መጣ። መዳብ ያለበት ነው፤ ገንዳው ውስጥ በሲኒ ማንኪያ ጫፍ ከገባ ነቁጡን የሚያመጣውን ተባይ ይገድላል፣ ትንሽ ከበዛ ዓሣውን አስከትሎ ይሄዳል።

ከባዱ ሥራ ግን ዱቄቱ አልነበረም፤ ንክሩ ነበር። በዓሣው ገላ ላይ የተጣበቀው ተባይ የጨው ውሃ ልጅ ነው። ዓሣውም እንደዚሁ። ሁለቱን ጨው በሌለው ውሃ ብትነክራቸው ሁለቱም ይሞታሉ፤ ተባዩ ግን ቀድሞ ይሞታል። መድኃኒቱ እንግዲህ ያቺ መሀል ያለችው ጊዜ ናት። በልብስ ማጠቢያ ሳህን በተሞላ፣ ለብ ባለ፣ አንድ ቀን ባደረ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ቁንጥር ሶዳና ከክሊኒክ የመጣ ሰማያዊ ጠብታ ይጨመራል፤ ዓሣው ይገባል፤ ጊዜው ሲደርስ ይወጣል። ቢፈጥኑ ተባዩ አይረግፍም፣ ቢዘገዩ የሚወጣው ሬሳ ነው።

ሰብስቤ ሰዓት የለውም፤ ጨው በልቶበታል። ጊዜውን የሚለካው የመናዊው እንዳስተማረው በጸሎት ነው። የመናዊው በራሱ ጸሎት ይለካ ነበር፣ ሰብስቤ ደግሞ በራሱ፤ አቡነ ዘበሰማያትን አሥር ጊዜ። በሦስተኛው ቀን አብተው በድንገት በሩን ሲከፍት ሰብስቤ ሳህን ላይ አጎንብሶ ዓሣ ውሃ ውስጥ ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«ምንድን ነው የምትሠራው? ዓሣ ታጠምቃለህ?»

«ጊዜ እየለካሁ ነው ጓድ።»

«በአባታችን ሆይ? የመንግሥት ዓሣ?» አብተው ወደ ኮሪደሩ ዞር ብሎ ሰው እንዳልሰማ አረጋገጠ። «ስማ፣ እኔንም ራስህንም ልታስበላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቁጥር ይሁን። ደግሞ በልብ አይደለም፤ ከፍ አድርጋችሁ ቁጠሩ፣ በሩ ላይ ያለ ሰው ይስማ። ሳይንስ ነው መባል አለበት።»

ቆጠሩት። አሥር አቡነ ዘበሰማያት ሦስት መቶ ሆነ። ሻሼ በአማርኛ ስትቆጥር ከሰባ ወዲያ ምላሷ ይወላገዳል፤ ስለዚህ በኦሮምኛ ቆጠረች፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር። የእሷ ሦስት መቶ ከሰብስቤም ጸሎት ይልቅ አይዛነፍም። ዓመት ከሦስት ወር ናዝሬት ተቀምጦ ሰብስቤም ቁጥሩን ለምዶታል። አብተው ስምንት ዓመት ተቀምጦ አንድም አያውቅ፤ ድምፅ ከሰማ ግን ደስ ይለዋል። ኮሪደሩን ሲያልፍ «ጎሽ! ሳይንስ!» ይላል።

ነቁጡ ረገፈ። የቀሩት ዓሦች መብላት ጀመሩ። ሰብስቤ ከስንት ጊዜ በኋላ ማታ ማታ እንቅልፍ ይወስደው ጀመር። የሚያልመው ደግሞ ልጅቷን ሳይሆን መንገዱን ነበር፤ ሚሌን፣ ኤሊዳርን፣ ያንን ጥቁር ድንጋይና ሙቀቱን። አንድ ቀን ገንዳውን እያጠቡ ሳለ ሻሼ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ጋሼ ሰብስቤ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ እነዚህን የምጠብቀው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«አዎ። ምነው፣ ከልብስ አጠባ አይሻልም?»

«ይሻላል። ጥር ላይ ግን ሠርጌ ነው ብዬዎት የለ? አዳሚ ቱሉ ነው የምገባው። ያኔ መሸኛ ይሰጡኛል?»

ሰብስቤ መልሱን ያውቀዋል። ከዚህ ቤት ሰዎች ሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እሱ ነው። ግን ወረቀቱ እየታየው፣ ዘርፉ እየታየችው፣ «አንቺ የዚሁ አገር ልጅ ነሽ፤ አንቺን ማን ይይዝሻል?» አላት። ሲናገረው አፉ ውስጥ መረረው። ሻሼ ገንዳውን መፈተጓን ቀጠለች።

እንግዶቹ መጡ። በመስታወቱ ፊት ፎቶ ተነሡ፤ አንዷ ሴት ሻለቃውን እያየች እጇን አጨበጨበች። አብተው ያን ቀን በሁለት እጁ ሰው ሲጨብጥ ዋለ። በዓሉ አለፈ፣ መስቀል ደረሰ። በመስቀል ማግስት ሻለቃው ክንፍ ላይ እንደገና ሦስት ነቁጥ ታየ፤ ሌላ ንክር ያስፈልገዋል። ሰብስቤ ሮጦ ለአብተው ነገረው። በድንጋጤ አልነበረም የሮጠው።

«ጓድ፣ ቃልዎን ያስታውሳሉ? ሻሼ ትሥራው፤ እኔ እጄን አላስገባም።»

አብተው አሰበና ጸሐፊዋን ጠራ። መሸኛው ተጻፈ። ሰብስቤ ስሙን፣ «ወደ አሰብ» የሚለውን፣ ቀኑን አነበበ። ፊርማውና ማህተሙ ብቻ ቀሩት። አብተው ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ ማህተሙን በእጁ ይዞ፣ «ና፣ ያቺን ልጅ እንያት» ብሎ እየሳቀ ተነሣ። ፈይሳ ባዶ በርሜሎቹን ጭኖ ግቢው ውስጥ ሞተሩን እያሞቀ ነበር። «ከሰዓት በፊት ካልወጣን ሙቀቱ ይገድለናል» ብሎ ነግሮታል።

ሻሼ ሁሉን አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ውሃውን በክርኗ ለካች፣ ሶዳውን ጨመረች፣ ሰማያዊውን ጠብታ ጨመረች። ሻለቃውን ከገንዳው ስታወጣው አንዴም አልተፈራገጠባትም። አብተው፣ «እሰይ!» አለ። ሰብስቤ ግድግዳውን ተደግፎ እጆቹን ጀርባው ላይ ቆለፈ። እንዲህ የሚያምር ሥራ አይቶ አያውቅም። ኩራት ቢጤም ተሰማው።

«ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...» ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ጥርት ያለ ነው።

መቶ ደረሰች፤ ዲባ። ከሻለቃው ገላ ላይ ነጩ ነገር ሲረግፍ ይታያል። ሁለት መቶ ደረሰች፤ ዲባ ለማ። ዓሣው ትንፋሹ ፈጠነ፤ ይህም ያለ ነው። አብተው ሰልችቶት በመስኮቱ ወደ ግቢው ያይ ጀመር። ሰብስቤ የታጠፈውን ወረቀት ጫፍ በአብተው ኪስ ላይ ያያል። ፈይሳ ጥሩንባውን ነፋ።

«ዲባ ሰዲ» አለች ሻሼ፤ ሦስት መቶ ሞላ።

እጇን ግን አልሰደደችም።

«ዲባ ሰዲፊ ቶኮ። ዲባ ሰዲፊ ለማ።»

ሰብስቤ መጀመሪያ የተሳሳተች መሰለው። ቀና ብላ አየችው። አልተሳሳተችም። ዓይኗ ውስጥ ክፋት የለም፣ ፍርሃት እንጂ፤ እሱ አዋሽ ኬላ ላይ ከመኪናው ሲወርድ የነበረው ዓይነት ፍርሃት። ያኔ ሁሉ ነገር ገባው። ዛሬ ከቻለች አይለቋትም። ጥር ይመጣል፤ አብተው በር ላይ ቆሞ፣ «ቆይ እስቲ፣ ሰው እንፈልግ» ይላታል። ሸሚዝም ይገዛላታል።

«ዲባ ሰዲፊ ሸን።»

«አውጪው» ቢል፣ ያለ እሱ አልቻለችም ማለት ነው። ዝም ቢል ዓሣው ይሞታል፤ ዓሣው ከሞተ ደግሞ መሸኛው ይቀራል፣ እሷም አሻጥረኛ ትባላለች። ሻለቃው ተንጋደደ። ቢጫው ቁራጭ ወደ ላይ ዞረ፣ ጉንጩ መከፈትና መዘጋቱን አቆመ። ሻሼ መቁጠሯን አላቆመችም፤ እንባዋ ግን ሳህኑ ውስጥ ይወርዳል። ሰብስቤ ስለ ዘርፉ አሰበ። ሌላ አሥር ቁጥር ልታገሥ፣ ምናልባት ታወጣዋለች፣ ምናልባት ልቧ ይራራል ብሎ ተመኘ። እንዲያ በመመኘቱም ወዲያው አፈረ፤ ልቧ እንዲራራለት የሚለምነው ለማን ነው? ሊያሥራት ለመጣው ለራሱ።

እጁ ገባ። ልግባ ብሎ አልጠየቀውም። ዓሣውን በመዳፉ አቅፎ አወጣና በሁለት እርምጃ ገንዳው ውስጥ ከተተው፤ አፉን ወደ ውሃው አዙሮ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋው ጀመር። ቆይቶ ጉንጩ አንዴ ተከፈተ። ሁለተኛ ተከፈተ። ጅራቱ ተንቀሳቀሰና ከመዳፉ ወጥቶ ሄደ።

አብተው ከመስኮቱ ዞሮ ሁሉን አይቷል። ቀስ ብሎ መጥቶ የሰብስቤን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ዓይኑ በደስታ እንባ ቋጥሯል።

«አየህ?» አለ። «እኔም የምለው ይህንን ነው። እሷማ ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን አንተን የሚተካ የለም። ይህ እጅ የት ይገኛል?»

ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። አልቀደደውም፤ አብተው ወረቀት የሚቀድ ሰው አይደለም። እንደገና ለአራት አጥፎ መልሶ ከተተው። «ለከርሞ እናየዋለን። ፈይሳን ይሂድ እለዋለሁ» ብሎ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የመኪናው ድምፅ ከግቢው ወጥቶ ወደ አዋሽ መንገድ ሲርቅ ተሰማ።

ሻሼ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በሽርጧ ሸፍናለች። «ይቅር ይበሉኝ» ትላለች። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ላወጣው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።»

ሰብስቤ ሊቆጣት ፈለገ። ቁጣው ደረቱ ድረስ መጥቶ ነበር። እሷን ሲያያት ግን የሚቆጣበት ቦታ አጣ፤ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ስንት ደርሰሽ ነበር?»

«ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ።»

«ብዙ ነው» አላት። «ሌላ ዓሣ ቢሆን ሞቶ ነበር።» ወደ እሷ ዞረ። «ስሚኝ ሻሼ። ከዛሬ ወዲያ ወደዚህ ክፍል አትምጪ። ጓድ አብተው ሌላ ጊዜ ሞክሪ ካለሽ ሳህኑን ድፊው፣ ሶዳውን አብዢው፣ የፈለግሽውን አድርጊ። እችላለሁ ብቻ አትበይ።»

«እርስዎስ?»

«አሰብ ላይ፣ እነዚህን ዓሦች መንገድ ላይ በሕይወት የሚያቆይ ማን አለ ብለው ጠየቁ» አለ ሰብስቤ። «ሃያ ሰው ቆመን ነበር። ከእኔ የሚበልጡ አጥማጆች ነበሩ፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። እጄን ያወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

ሻሼ ሳህኑን አንሥታ ውሃውን ደፋችው፣ አጥባም ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ሽርጧን ፈትታ ወጣች።